የሳቢሃ ቅናትና የራጂያ አጥንት

በቡሬ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ሰው የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ አያምንም። ከላይ ቀዩና ደረቁ ይደረደራል፤ ከሥር እርጥቡ ወይም ያምናው ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳቢሃ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ ክርኗ ትሰዳለች፤ ከታች አንድ ዛላ መዝዛ ጆሮዋ ሥር ትነቀንቀዋለች። ዘሩ ከተንሿሿ ደርቋል፤ ዝም ካለ ውሃ አለበት። በዚህ ሙያ ሃያ ስምንት ዓመት ስትኖር፣ ከቡሬ ወጣ ብላ ያለችው የማንኩሳ ገበሬዎች ከእሷ በቀር ለሌላ ነጋዴ ጆንያ አይፈቱም ነበር።

በሁለት ዓመት ከምታንሳት እህቷ ከራጂያ ጋር አንድ ሱቅ አላቸው። ሳቢሃ ትገዛለች፤ ራጂያ ትሸከማለች፣ ትሸጣለች። ራጂያ ሙሉ ጆንያ ከመሬት ብድግ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ስታወጣ ገበያተኛው ቆሞ ያያታል። እናታቸውም በሕይወት ሳሉ «ራጂያ ብረት ናት» ይሉ ነበር። ስለ አንቺስ ምን ይሉ ነበር ተብላ ስትጠየቅ፣ ሳቢሃ «ስለ እኔ ምንም አይሉም» ትላለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ስድስት ነው፤ ይህን ስትናገር ግን ድምጿ የስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ይሆናል።

ባለፈው ኅዳር ሳቢሃ ከባጃጅ ስትወርድ አዳለጣትና በቀኝ እጇ መሬቱን ተደገፈች። አወዳደቋ ቀላል ነበር፤ የእጇ አንጓ ግን ተሰበረ። እጇ በጄሶ ታስሮ ሳለ የበርበሬው ወቅት ደረሰና በእሷ ፈንታ ራጂያ ወደ ማንኩሳ ሄደች። አሥራ ሁለት ጆንያ ገዝታ መጣች፤ ሁሉም ደረቅ ነበር። ሳቢሃን ከስብራቱ ይልቅ ያመማት ይኸ ነው።

ፍኖተ ሰላም ያከማት ሐኪም በዚህ ቀላል አወዳደቅ አጥንቷ መሰበሩ አልጣመውም። ባሕር ዳር፣ የአጥንትን ጥራት በኤምአርአይ የሚያጠና ሐኪም ዘንድ ላካት። አጥኚው ደግሞ ለማነጻጸር ተሰብራ የማታውቅ እህት ካለቻት አብራ ትምጣ አለ። ሳቢሃ፣ እህቷ ሕመሟን እንኳ የተሻማቻት መሰላት። ምስሏ ከእህቷ ምስል በልጦ እንዲታይ ከቀጠሮው በፊት ሦስት ሳምንት ጠዋት ማታ ወተት ጠጣች። አጥንት ግን በሦስት ሳምንት ወተት መልኩን አይለውጥም።

መሣሪያው የሚሠራበት መንገድ እጅግ ደስ የሚል ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። የተለመደው የአጥንት ምርመራ በአጥንቱ ውስጥ ምን ያህል ማዕድን እንዳለ ይለካል፤ ማዕድኑ እንዴት እንደተደረደረ ግን አይነግረንም። አጥንት ደግሞ ውስጡ ድፍን አይደለም። ጫፍ ጫፉ ላይ በቀጫጭን ክሮች የተሠራ መረብ አለ፤ በክሮቹም መካከል መቅኒ ይሞላል። ኤምአርአይ ኃይለኛ ማግኔት ነው። በሬዲዮ ሞገድ ሲጣራ፣ በመቅኒው ስብና ውሃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን መልስ ይሰጣል፤ ምስሉ ላይም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጠንካራው አጥንት መልስ ስለማይሰጥ ይጠቁራል። እንግዲህ የሚደንቀው ይህ ነው፦ አጥንቱን የምናውቀው በዝምታው ነው። በነጩ መካከል ጥቁሩ ክር ጥቅጥቅ ብሎ ከተያያዘ መረቡ ጤነኛ ነው። ከሳሳና ከተበጣጠሰ ግን፣ የማዕድኑ መጠን ደህና ቢመስልም አጥንቱ በቀላሉ ሊሰበር ይችላል።

ሁለቱም የግራ እጃቸውን አንጓ ተነሡ። ራጂያ ውጤቱን ሳትጠብቅ «ለእህቴ ንገሯት» ብላ ወደ ሱቃቸው ተመለሰች። በማግሥቱ አጥኚው ሐኪም ሁለቱን ምስሎች ለሳቢሃ ጎን ለጎን አሳያት። የሳቢሃ መረብ እዚህም እዚያም ሳስቷል። የራጂያው ግን ከዚያ የባሰ ነበር፤ ክሩ ተበጣጥሶ በየቦታው ሰፋፊ ነጭ ክፍተት ይታያል። እስከ ዛሬ ያልተሰበረችው ስላልወደቀች ብቻ ነው። መድኃኒት ትጀምር፣ ከባድ ጆንያም አታንሣ ተባለ።

ሳቢሃ መጀመሪያ የተሰማትን አትደብቅም፤ ደስ አላት። ደስታው ግን የተሳፈረችበት ሚኒባስ ዳንግላ ሳይደርስ አለቀ። ዕድሜዋን ሙሉ በእህቷ ትከሻ ስትቀና የኖረች ሴት «ጆንያ አታንሺ» ብትል ማን ያምናታል?

እንደፈራችውም ሆነ። ራጂያ ወረቀቱን ተቀብላ ሳታየው ሚዛኑ ሥር ሸጎጠችና ሳቀች።

«ምቀኝነትሽ ሥጋዬን አልፎ አጥንቴ ደረሰ በይኛ፣ እታለም።»

ሳቢሃ ማለች፣ ለመነች፣ ደውለሽ ሐኪሙን ጠይቂ አለቻት። ራጂያ ሃምሳ አራት ዓመት ስለተሸከማት አጥንት ሌላ ሰው ሊነግራት እንደማይችል ተናግራ፣ ጆንያ ልታነሣ ጎንበስ አለች።

«ማንኩሳን ውሰጂው» አለች ሳቢሃ።

ራጂያ እንዳጎነበሰች ቀረች።

«ገበሬዎቹንም ውሰጂያቸው። እጄ ቢድንም አልመለስበትም። ጆንያውን ግን ተሸካሚ ያንሣው።»

«ማንኩሳን?»

«ወላሂ፣ ማንኩሳን።»

ራጂያ ቀና አለች። እህቷ ማንኩሳን ለውሸት ብላ እንደማትለቅ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ወረቀቱን ከሚዛኑ ሥር አወጣች፤ የሐኪሙንም ስልክ ቁጥር ጠየቀቻት።

አሁን ሁለቱም መድኃኒት ይወስዳሉ። ጄሶው ተፈትቷል፤ በገበያ ቀን ግን ወደ ማንኩሳ የምትሄደው ራጂያ ናት፣ ሱቅ የምትቀመጠው ሳቢሃ። በቀደም የሳቢሃ የሃያ ዓመት ደንበኛ የነበረው፣ እንዳለው የሚባል ገበሬ ደውሎ፣ የራጂያን የእጅ ፍጥነትና ሰው አክባሪነት አውርቶ አልጠግብ አለ፤ እንደ እሷ ያለ ገዢ አይቶም እንደማያውቅ ነገራት።

«እሷ ድሮም ትችላለች» ብላ ሳቢሃ ስልኩን ዘጋች። ከዚያም እጇን ራጂያ ባመጣችው ጆንያ ውስጥ እስከ ክርኗ ሰዳ፣ ከታች አንድ ዛላ መዝዛ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው፤ ተንሿሿ።