ደጅ የወጣው ድስት

የበር መወርወሪያ ተገፍቶ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ዛሬም ትንፋሼን ይይዘዋል፤ ወዲያው መካነ ሰላም አጠገብ የነበረው ቤታችን፣ ጭጋጉና ያ አላልቅ ያለ ክረምት ይመጡብኛል። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። አባቴ እንድሪስ ሙስሊም፣ እናቴ ታንጉት ክርስቲያን ነበሩ፤ ሲጋቡም እሱ በሶላቱ እሷ በጸሎቷ ሊኖሩ በሽማግሌ ፊት ተማምለው ነበር። ቤታችን ውስጥ ሁለት የሥጋ ድስት ነበረን፤ አንዱ ሙስሊም ላረደው፣ አንዱ ክርስቲያን ላረደው። እኛ ልጆች ከአባታችን ድስት እየበላን፣ የእናታችንን ወጥ እያሸተትን አድገን፣ የሰው ቤት ሁሉ እንዲያ ይመስለን ነበር።

ሰኔ ሲገባ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ይመር፣ ሚስቱ ሞታበት ሊኖር እኛ ዘንድ መጣና ቤቱ ጠበበን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቆሎ ከኪሱ አይጠፋም፣ እኔንም በጣም ይወደኝ ነበር። የእናቴን ማተብ ባየ ቁጥር ግን ፊቱን ያዞር ነበር። አንድ ቀን «የወንድሜ ሚስት እንደ ወንድሜ ትሁን» አለና ድስቷን አንስቶ ደጅ አስቀመጠው፤ ዝናብ ሞላበት። እናቴ ከዚያ ወዲያ ሥጋ የሚባል አልቀመሰችም። አባቴም ታላቁን መናገር ፈርቶ ዝም አለ፤ በዚህ እስከ ዛሬ አዝንበታለሁ።

ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ የሆነው ወሬው የእናቴ ወንድም ቄስ ደምሴ ዘንድ ሲደርስ ነው። «መንገዱ ሲደርቅ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሎ ላከባት። ይህን የሰሙ የአባቴ ዘመዶች ዱላ ይዘው ደጃችንን መጠበቅ ጀመሩ፣ በሩም በቀን ሳይቀር ይወረወር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ብትሄድ ኮበለለች ሊሏት ነው፣ ብትቀር ካደች ሊሏት ነው። ደጁ ጭቃ፣ ውስጡ ጭስ ሆኖ፣ ደወል ሲደወል ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትቆማለች፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ አብሬያት እቆም ነበር፤ የምትወጣ ከሆነ ጥላኝ እንዳትሄድ እየፈራሁ።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲጠና ቄስ ደምሴ ወንድሞቹን አስከትሎ መጣ። የአባቴ ወገኖችም ዱላቸውን ጨብጠው ወጡ። ደም ሊፈስ ምንም አልቀረው። አባጋር ሐሰን፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የሚያስታርቁት አዛውንት፣ ያን ጊዜ ደርሰው ከመካከል ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሁለቱንም ወገን አናገሩ። ሰምተው ሲያበቁ፣

«እናንተንስ ሰማኋችሁ። እሷን ማን ጠየቃት?» አሉ።

መወርወሪያው ተሳበና እናቴ እኔን እንዳንጠለጠለች ወጣች።

«አብሽሪ ልጄ፣ የልብሽን ተናገሪ» አሏት።

«አባጋር፣ ማተቤን አልበጥስም። ልጆቼንም ጥዬ አልሄድም። ድስቴን ይመልሱልኝ።»

አባጋር ሐሰን ቄስ ደምሴን በግድ ላይወስዳት አስማሉት። አጎቴ ይመርን ደግሞ ድስቱን ራሱ አጥቦ እንዲያስገባ አዘዙት። በአገራችን ወንድ ልጅ ድስት አያጥብም። ያ ኩሩ ሰው ግን በሁለቱም ወገን ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ በአመድ ፈትጎ አጠበው። የሳቀ አልነበረም፤ ቄስ ደምሴ ነው ውኃ ያፈሰሰለት። ከዚያ ሁለት በግ መጣ፣ አንዱን ሙስሊም አንዱን ክርስቲያን አረደው፣ እናቴም ከድስቷ በላች።

ጥር ላይ ለጥምቀት ስትወጣ አጎቴ ይመር ታናሽ ወንድሜን አዝሎ እስከ ወንዙ ሸኛት። ከብዙ ዓመት በኋላ ስታርፍም አስከሬኗን ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ካደረሱት አንዱ እሱ ነበር።

አሁን የምኖርበት ቤት ሰፊ ነው፣ በሩ ብረት፣ መስኮቱ ብዙ። አምና ልጄ ከእኔ የተለየ እምነት መያዟን የነገረችኝ ቀን ግን ያ ጭስ የሞላው ቤት መጣብኝ። ያን ክረምት እናቴን የዘጉባት ጠላቶቿ አልነበሩም፤ ሁሉም እንወድሻለን የሚሏት ነበሩ። እኔም ልጄን እወዳለሁ፤ ለካስ የበሩን ቁልፍ በእጄ ጨብጬ ቆሜ ነበር። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና፣ አጠገቧ ተቀምጬ የልቧን ጠየቅኋት።