ያልደረቀው ጭቃ

ይህ የሆነው ጦርነቱ ካርቱም በገባበት ዓመት ነው። ሸክላ ሲሰበር በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር የተከራየሁት ቤት በከባድ መሣሪያ ሲመታ ወንዙን ወደ ኦምዱርማን ተሻግሬ ዓም፣ ማለትም አጎት፣ ኢድሪስ ግቢ ተጠጋሁና ሥራቸውን ማገዝ ጀመርኩ። ዓም ኢድሪስ ዚር የሚሉትን ትልቅ የውሃ ጋን እየሠሩ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ያለቻቸው ሁወይዳ የምትባል ልጃቸው ብቻ ናት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በትልቅነቴ ስለሆነ የወደቀ ወረቀት ሳይቀር አንስቼ አነባለሁ። ዓም ኢድሪስ "ኡስታዛ"፣ መምህርት፣ እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ግቢው ውስጥ ሁለት የሸክላ ማቃጠያ ምድጃዎች ነበሩ። ጋኖቹ ከተደረደሩ በኋላ በሩ በጡብ ተደፍኖ በጭቃ ይመረጋል፤ ከሥር በእንጨት ይነድዳል። እሳቱ ጠፍቶ እስኪበርድ ድረስ በሩ አይነካም።

የዚያን ቀን ከሰዓት አንዱ ምድጃ እየነደደ ነበር። ጎረቤት በአጥር በኩል "ታጣቂዎች መጡ፣ ሴት ልጅ እየወሰዱ ነው" አለን። መውጫ አልነበረም። ሁወይዳን ባዶው ምድጃ ውስጥ አስገባናትና በሩን በጡብ ደፈንን። ከኋላ ባለው የእንጨት መክተቻ አየር ታገኛለች። ጭቃውን የመረግሁት እኔ ነኝ፤ እንደ ልማዴም አሳምሬ ለሰንኩት።

እጄን እንደታጠብኩ ገቡ።

"ይሄ ጭስ ለማን ምልክት ነው?" አለ አለቃቸው።

"ለማንም አይደለም ልጄ፣ ጋን እያቃጠልኩ ነው" አሉ ዓም ኢድሪስ።

በሰደፍ አፋቸው ላይ መታቸው። ጥርሳቸው ከደም ጋር መሬት ላይ ወደቀ። "ወርቁን የት ቀበርከው?" እያለ ጎናቸውን ይረግጣል። ከመሃላቸው አንዱ ሁወይዳ ያለችበትን በር በመዳፉ ዳሰሰ።

"የዚህኛው ጭቃ ገና አልደረቀም" አለ።

አፌ ቀደመኝ። "እሱ ጥሬ ሸክላ ነው፣ ነገ ነው የሚነደው" አልኩ በዓረብኛ። "የምትፈልጉት ከሚነደው ውስጥ ነው። እሳት ያነደዱበትም ሰው እንዳይነካው ብለው ነው።"

ዓም ኢድሪስ ከወደቁበት ቀና አሉ። "አንቺ የተረገምሽ ሐበሻ፣ ጨዌን በልተሽ ሸጥሽኝ?" ብለው ደማቸውን ቀሚሴ ላይ ተፉ።

አለቃው ሳቀ። "ሽማግሌው ሲንገበገብ አያችሁ? እውነቷን ነው። ያላ፣ እንክፈተው!"

የሚነደውን ምድጃ የበር ጡብ በሰደፍ ናደው። ነበልባሉ ተወርውሮ ፊቱ ላይ ተለጠፈ፤ የጠመጠመው ሻሽ ተያያዘ። ቀዝቃዛው አየር ሲገባ ጋኖቹ እየተከታተሉ ፈነዱ። ጓደኞቹ ተኩስ መሰላቸውና በየአቅጣጫው ተኮሱ፤ አንዱ በገዛ ጓደኛው ጥይት ጭኑን ተመታ። ቁስለኞቹን እየጎተቱ መኪናቸው ላይ ጫኑና ሄዱ። የተቃጠለው እናቱን እየተጣራ ነበር።

ጭቃውን በጥፍሬ ቧጥጬ ሁወይዳን አወጣኋት። የአባቷን አፍ በሻርፗ ያዘች።

ደሙ ሲቆምላቸው "ዓም ኢድሪስ፣ እርግማኑ ለማስመሰል ነው አይደል?" አልኳቸው።

ስብርባሪውን ትክ ብለው አዩት። "ስለ ልጄ አላህ ይስጥሽ። ስለ ጋኖቼ ግን ወላሂ ከልቤ ነው።"

ሁወይዳ ዛሬ አግብታ ወልዳለች። እኔ ያ ሰው በሩን ቢከፍት ምን እንደሚያገኘው አውቅ ነበር፤ አውቄ ነው ያሳየሁት። አሁንም ቢሆን ያንኑ በር ነው የማሳየው። ይሁንና ብርጭቆ እንኳ ከእጄ ወድቆ ሲሰበር መጀመሪያ የምሰማው እናቱን ሲጣራ ነው።