ከሰማይ የወረደው ድባብ

መካነ ሰላም ውስጥ ሮኬት የሚያስወነጭፍ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ከከተማው አንደኛ ነኝ ብል የሚከራከረኝ የለም። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ይህን ደግሞ ለመዝናናት ነው የምሠራው። ጨርቅ የሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ፣ ከአዲስ አበባ የሚላክልኝ ትንሽ ሞተር፣ ጎኑ ላይ ቁልቁል የምታይ አውራ ጣት የምታህል ካሜራ፤ በቃ። ሽቅብ ይተኮሳል፣ ጫፍ ሲደርስ ፓራሹቱ ይዘረጋል፣ ካሜራዋ ያየችውን ይዛ ትመለሳለች። በመጽሐፍ እንደዚያ ነው። የእኔ የፌስታል ፓራሹት ግን ሁለት ጊዜ ተቀዶ፣ ሮኬቱ ሁለት ጊዜ ባቄላ ማሳ ውስጥ በአፍጢሙ ተተከለ። በሁለተኛው የማሳው ባለቤት መጥቶ «ወላሂ መምህር፣ ይበቅላል ብለህ ነው?» አለኝ።

አባቴ ቄስ ናቸው፤ ያኔ የደብራችን ገበዝ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ የሚጠብቁት እርሳቸው ነበሩ፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም ነበር። ሮኬቴን አይወዱትም። «ሰማይ ላይ ምን ጥለህ ነው?» ይሉኛል።

ዕቃ ቤቱ ጥግ ላይ አንድ ያረጀ ድባብ ነበር፤ በንግሥ ቀን ከታቦቱ በላይ የሚዘረጋው ጃንጥላ። ዘንጉ ተሰብሮ ጨርቁ ብቻ ቀርቷል። ያረጀ ንዋየ ቅድሳት አይጣልም፣ ይቃጠላል እንጂ፤ አባቴ ግን እየሳሱለት ዛሬ ነገ ሲሉ ከረሙ። ጨርቁ ቀይ ነው፣ ስስ ነው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው። ስስነቱን ሳይ ፓራሹት ብቻ ታየኝ፤ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ። አንድ ቀን ዕቃ ላግዝዎ ብዬ ገባሁና ኮቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ። ልጠይቃቸውማ እንዴት ብዬ! ዘርፉን እንኳ አልቆረጥኩም፤ ለሚዛን ይጠቅማል አልኩ። የተማረ ሰው ሲጃጃል እንዲህ ነው።

በጥር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በወግዲ መንገድ ካለው ሜዳ ተኮስኩ። ወጣ! እንዴት ያለ አወጣጥ! ፓራሹቱም ሳይቀደድ ተዘረጋ፤ ከደስታዬ ብዛት ብቻዬን ዘለልኩ። ነፋሱ ግን ቀስ አድርጎ ስንዴ ወደሚወቃበት አውድማ ወሰደው። እልልታው የደረሰኝ እየሮጥኩ ሳለሁ ነው። የሚወቁት ሰዎች ምን ያድርጉ? ድባብ ከሰማይ ሲወርድ አዩ፤ ድባብ ካለ ደግሞ ሥሩ ታቦት አለ። ሁሉም ግንባሩን መሬት አስነክቶ ስለነበር የተንጠለጠለውን ካርቶን ቀና ብሎ ያየ የለም። በነጠላ ሸፍነው፣ እየዘመሩ ወደ ደብሩ ይዘውት ሄዱ። እኔም ከኋላ ተከተልኩ። አጨብጭቤያለሁም፤ ዝም ብል ያውቁብኛል ብዬ።

አባቴ በሩ ላይ ተቀበሏቸው። ነጠላውን ገለጥ አድርገው ጨርቁን አዩ፤ ከዚያ ከሕዝቡ መሀል እኔን አዩ። ተአምር ነው ቢሉ ያ ሁሉ ሰው ደስ ብሎት ይገባል፣ የኔም ጉድ ተሸፍኖ ይቀራል። እውነቱን ቢናገሩ ሌባው እኔ፣ ያስሰረቁት ገበዝ ደግሞ እርሳቸው።

«ይህ የኛው አሮጌ ድባብ ነው» አሉ። «ልጄ ለመጫወቻው አድርጎት ነው። በጊዜው ሳላቃጥል የተውኩት እኔ ነኝና ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በሉኝ።»

እልልታው ቀጥ አለ። አንዲት አሮጊት «ኧረ መምሬ፣ ምናለ ትንሽ ቆይተው ቢነግሩን!» አሉ።

በሳምንቱ ቁልፉ ለሌላ ቄስ ተሰጠ። አባቴ ባዶ አንገታቸውን ሲዳብሱ ከማይ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ስልኬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ካሜራዋ ያነሳችውን ፊልም ከፈትኩላቸው። መሬቱ እየራቀ ይሄዳል፣ የደብሩ ዛፎች ክብ ሆነው ይታያሉ፣ መሀላቸው ጣሪያው።

«እስቲ መልሰው» አሉኝ። መለስኩት። ጣታቸውን አስጠግተው «ዕቃ ቤቱ ይህቺ ናት?» አሉ።

«አዎ» አልኳቸው። ከዚያ ሳላስበው አፌ ላይ መጣ፦ «አባ፣ ብጠይቅዎ አይሰጡኝም ብዬ ነው።»

«አልሰጥህም ነበር» አሉ፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ። «ግን ለመጠየቅ ብለህ ትመጣ ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብለህ ካዋየኸኝ እኮ ስንት ዘመንህ ነው፣ አንተ ልጅ።»