የአያ ሰይድ ክፉ ውርወራ

ኳስ የቆዳ ጓንት ውስጥ ሲገባ «ጧ» ይላል። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ጋርላንድ ካለው የልጆች የቤዝቦል ሜዳ አጥር ጀርባ፣ ታጣፊ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ያንን «ጧ» በሰማሁ ቁጥር የደሴ ጥር ይመጣብኛል፤ ፀሐይ ያደረቀው ጡብ ከታች ተወርውሮ ላይ በቆመው ልጅ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይኸው ነበር፣ አንድም ለውጥ የለውም።

አባቴ ግንበኛ ነበር። በጋ ሲገባ ግድግዳ ይነሣል፣ ግድግዳው ከሰው ቁመት ሲያልፍ ደግሞ ጡቡን ወደ ላይ የሚያደርሰው እጅ ነበር፤ አንዱ ከታች ይወረውራል፣ ሌላው ከእንጨት በታሰረው መቆሚያ ላይ ሆኖ ይቀልባል፣ ቀልቦም ለግንበኛው ያቀብላል። ቀላቢው መዳፉ እንዳይላጥ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ከሚነፋው ካላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ያስር ነበርና፣ ያንን ላስቲክ ያሰረ ልጅ ሰፈሩን ሁሉ ቁልቁል እያየ ይውላል። እኔም አሥር ዓመት ሲሞላኝ ከልብስም ከምግብም ይልቅ የምመኘው ያንን ላስቲክ ነበር። የዚያን ዓመት አባቴ የራሳችንን ቤት ፎቅ ሊያወጣ ጀመረ፤ ቀላቢው ከቤት ይሁን አለ። ከቤት ማለት እኔ ወይም በአንድ ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ብርቄ ነን።

መዘነን። አመዛዘኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ቆሎ እየቆረጠመ ያየን ነበር። እኔ እጄን ያያል ብዬ እጄን ሳሳምር እሱ እግሬን ያያል፣ ከእግሬ አልፎ ፊቴን ያያል። ወርዋሪ አድርጎ ያቆመውም ጉልበታሞቹን ወጣቶች ትቶ አያ ሰይድን ነበር። አያ ሰይድ ከአባቴ ጋር ያረጀ ሠራተኛ ነው፤ ቀኝ ትከሻው አንድ ጊዜ ተሰብሮ ከተጠገነ ወዲህ አራት ጡብ ደኅና ወርውሮ አምስተኛውን ወደ ሜዳ ይሰደዋል።

አራቱን ደኅና ደኅና ቀለብኩ። ከዚያ ክፉው መጣ፣ ወደ ጎን ሄደ፣ ተንጠራርቼ ጣቴን ነክቶኝ ወደቀና ለሁለት ተከፈለ። እኔም ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «አያ ሰይድ፣ እጅዎ ሞቷል እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ሠራተኛው ሳቀ፤ አያ ሰይድም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን የሚወረውረው ሁሉ እየፈራ፣ እያጠረ፣ ባሰበት።

ብርቄ ወጣች። ለእሷም ክፉ ክፉው መጣላት፤ ሦስት ጣለች፣ አንዱ ጉልበቷን መታት። ጉልበቷን እንኳ ሳታሽ «ሌላ!» አለች። ሌላ መጣ፣ «ሌላ!» አለች። እንዲህ እንዲህ እያለች የአያ ሰይድ ውርወራ እየቀና መጣ። አባቴ ተነሣ፣ ቆሎውን ከእጁ አራገፈ፣ ላስቲኩንም በብርቄ መዳፍ ላይ አሰረ።

«እሷ እኮ ሦስት ጣለች! እኔ አንድ ብቻ!» አልኩ።

«ቆጥሬአለሁ» አለኝ።

ሁለት ቀን አኮረፍኩ፣ ምሳም ተውኩ። በሦስተኛው ቀን ራበኝና በላሁ። አባቴም ምንም እንዳልተፈጠረ ወስዶ ከአያ ሰይድ ጎን፣ ከታች፣ ወርዋሪ አድርጎ አቆመኝ። በልግ ገባ። የደሴ በልግ ጠዋት ፀሐይ አሳይቶ ከሰዓት በኋላ ያዘንብ ነበርና ጡቡ ይርሳል፣ ይከብዳል፣ ከእጅ ያመልጣል። የኔም ውርወራ ተበላሸ። ላይ የቆመችው ብርቄ ክፉኛ ታሾፍብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከወዲያም ከወዲህም እየለቀመች «ሌላ!» ትለኝ ነበር። አያ ሰይድም ያንን ያልኩትን ቃል አልመለሰልኝም፤ አንድ ቀን ብቻ፣ ዝናብ አባሮን ጣሪያ ሥር ቆመን ሳለ፣ «ትከሻህን አታጥብቀው ልጄ፤ ክፉውን እሷ ታውቅበታለች» አለኝ። ይቅርታ ማለት እንደነበረብኝ ያወቅሁት ቆይቶ ነው።

ሰኔ ሳይገባ ቆርቆሮው ተመታ። ክረምቱን በአዲሱ ፎቅ ውስጥ ዝናቡን እየሰማን አሳለፍን፤ ላስቲኩ በር አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ እያየሁት እተኛ ነበር። መስከረም ሲጠባ አባቴ የመንግሥት ሥራ አገኘና ግንቡን ተወ፤ እኔም ሳልቀልብ ቀረሁ።

አሁን ወደ ጋርላንድ ልመለስ፤ ናታን የልጄ የሳባ ልጅ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቤዝቦል ይጫወታል፤ ሥራው ካቸር ነው፣ ማለት ጭንብል አጥልቆ፣ ደረቱ ላይ ጋሻ አስሮ፣ ቁጢጥ ብሎ ፒቸሩ የሚወረውረውን ይቀልባል። በቀደም ትልቁ ቡድን ልጆች ሊመርጥ ጠራቸው። ሳባ መኪናውን ፓርክ አድርጋ ሳትወርድ ወደኔ ዞረች።

«አባዬ፣ ዛሬ ከኮቹ ጋር ክርክር የለም፣ ኦኬ?»

«እኔ መቼ ተከራከርኩ?»

«ባለፈው ዳኛው ጋ ወንበርህን ይዘህ ሄደህ የለ!»

«ከሩቅ አላይ አለኝ ብዬ ነው።»

መራጩ ጎልማሳ ፈረንጅ ነው፤ በአንድ እጁ የሩጫ ሰዓት፣ በሌላው ወረቀት ይዟል። ምን እንደሚያይ ማወቅ ፈለግኩና ወንበሬን ቀስ እያልኩ ከኋላው አስጠጋሁ። ኳሱ ጓንቱ ውስጥ ከገባበት ተነሥቶ፣ ካቸሩ ወርውሮት ከሜዳው ማዶ ያለው ምልክት፣ ሁለተኛው ቤዝ የሚሉት፣ እስኪደርስ ይለካል፣ ይጽፋል። ክንድ ያያል፣ እጅ ያያል። የናታን ኳስ መሬት እየነጠረ ዘግይቶ ይደርስ ነበር። እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም፣ ቁጥር ግን ቁጥር ነው፤ የሌሎቹ ትንሽ ነው፣ የኛ ልጅ ቁጥር ትልቅ፣ ማለት የዘገየ ነው።

ከዚያ አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ ሊወረውር መጣ፤ ፈርቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። የመጀመሪያው አፈር ውስጥ ገባ፣ ሁለተኛውም። ናታን በጉልበቱ እየወደቀ በደረቱ ያስቀር ጀመር፤ ሁለቱ አመለጡት፣ አንዱ አንገቱ ሥር መታው። ተነሣ፣ ኳሱን በእጁ ይዞ ልጁ ድረስ ሄደ፣ በጆሮው አንድ ነገር አለው፣ ሁለቱም ሳቁ። የሚቀጥለው ኳስ ቀጥ ብሎ «ጧ» አለ። ሰውየውን ዞር ብዬ ሳየው ሰዓቱን ወደ ዜሮ እየመለሰ ነበር።

ተነሣሁ። «አባዬ!» አለች ሳባ። «ተርጉሚልኝ፤ ይኼን፣ ወርዋሪውን ያረጋጋበትን፣ የቱ ጋ ጻፍከው በይው» አልኳት። እያፈረች ነገረችው። ሰውየው ደግ ነው፣ አልተቆጣም፤ ወረቀቱን አሳየኝ።

«አይቼዋለሁ፣ ግን ለሱ የሚሆን መጻፊያ ቦታ ወረቀቱ ላይ የለኝም ይልሃል» አለችኝ።

ስንመለስ ናታን ከኋላ ወንበር «አባባ፣ አንተ ኮች ብትሆን እኔን ፒክ ታደርጋለህ?» አለኝ።

ለልጅ አልዋሽም። «እኔን ተወኝ። አባቴ ቢሆን ይወስድህ ነበር። እኔን ግን አልወሰደኝም» አልኩት።

«ለምን?»

ለሳባም ለእናቷም ነግሬ የማላውቀውን፣ ጡቡን፣ ላስቲኩን፣ ለአያ ሰይድ ያልኩትን ቃል ሁሉ ነገርኩት። «ሶ፣ ሰውዬው ሳድ ሆነ፣ አዘነ?» አለ።

«ኧረ ስቆ ነበር።»

«ሰው እኮ ሳድ ሲሆንም ይስቃል» አለኝ። ሰፈራችን ሌክ ሃይላንድስ እስክንደርስ የአያ ሰይድን ሳቅ መላልሼ አሰብኩት።

በሦስተኛው ቀን በሳባ ስልክ ኢሜይል መጣ። ትልቁ ቡድን ውስጥ አልገባም፣ ሁለተኛው ውስጥ ነው፤ ክንዱ ሲጠነክር እንደገና ይታያል ይላል። ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ዋለ፤ እኔም አላንኳኳሁም፣ ኩርፊያን አውቀዋለሁ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጓንቱን ይዞ ወጣ።

«አባባ፣ ና ወርውርልኝ። መጥፎ አድርገህ።»

ከአፓርትማችን ጀርባ፣ ከመኪና ማቆሚያው ዳር ቆምን። መጥፎ ለማድረግ መድከም አላስፈለገኝም፤ ሰባ አራት ዓመት የሠራ ትከሻ ነው። አባቴ ወረቀትም ሰዓትም አልነበረውም፣ የዛሬው መራጭ ሁለቱም አለው፤ ማን የተሻለ አየ ብዬ ልከራከር ነበር፣ ግን ቁጥሩም ውሸት አይደለም፣ የልጁ ክንድ ገና ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ መቆሚያው ላይ ሆኜ በአንድ ሽማግሌ ላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ሽማግሌው እኔ ነኝ፣ ኳሴም አንዱ አጥር ላይ፣ አንዱ የሰው መኪና ሥር ይገባል። ልጁ ሮጦ ያመጣና ቁጢጥ ይላል። አንዱ ጉልበቱን መታው። ጉልበቱን አላሸም፣ ጓንቱን ከፍቶ ያየኝ ጀመር።

«ሌላ!» አለኝ።

ትከሻዬን ለቀቅ አድርጌ ወረወርኩ።