ሐጂ ምስጢሬን ሲጠብቁ

ቪዛ ሳይወጣ አይወራም። ይህን ማን እንዳስተማረኝ አላስታውስም፤ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ይመስለኛል። ሲያትል ውስጥ የማውቃቸው ሐበሾች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በሌላ በሌላው ቢጨቃጨቁ በዚህ አንድ ናቸው። ሰው ቤት ሊገዛ ሲል ያወራል፣ ሊያገባ ሲል ያወራል፤ ቪዛ ሲያመለክት ግን አፉን ይለጉማል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። «ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል!» እያሉ ቪዛ የሚያስከለክሉ ሴቶች ደግሞ እኛ ሰፈር ሞልተዋል።

ስለዚህ ታናሽ እህቴ ከጀርመን ደውላ ኒካህ ልታስር መሆኗን ስትነግረኝ እልልታዬን ዋጥኩት። አባታችንም እናታችንም በሕይወት የሉም፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። «አንቺ ካልመጣሽ አልዳርም» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢለው ለወግ ነው ይባላል። የእኔን እህት ግን አውቃታለሁ፤ ግትርነቷ የኔ ነው። ሙሽራውን አስቀምጣ ትተኛለች እንጂ ያለ እኔ አትዳርም።

እኔ ደግሞ ግሪን ካርድ እንጂ የአሜሪካ ፓስፖርት የለኝም። በኢትዮጵያ ፓስፖርቴ የቱሪስት ቪዛ ማመልከት ነበረብኝ። የሚጠይቁት ብዙ ነው፤ ዋናው ግን አንድ ነው፦ ተመልሰሽ ለመምጣትሽ ምን ማስረጃ አለሽ? ባል የለኝም። ልጅ የለኝም። የምኖርበት ቤት የኪራይ ነው። አሰብኩ፣ አሰብኩና ሥራዬን ጻፍኩ።

የምሠራው ሴንትራል ዲስትሪክት፣ አንድ ሐላል ሥጋ ቤት ነው። ባለቤቱ ወሎዬ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ሐጂ አይዋሹም። ሥጋው የትናንት ከሆነ ደንበኛው ሳይጠይቅ «የትናንት ነው» ይላሉ፤ ደንበኛው ይሄዳል፤ እኔ እበግናለሁ። የሥራ ማስረጃ ደብዳቤውን የሚፈርሙልኝ እሳቸው ስለሆኑ ምስጢሬን ለእሳቸው ብቻ ነገርኩ።

«ሐጂ፣ ማንም ቢጠይቅዎት አያውቁም፤ እሺ?»

«እኔ መዋሸት አልችልም እኮ ልጄ።»

«አይዋሹ። ዝም ብለው ያድበስብሱ።»

«እሱማ አያቅተኝም» አሉና ፈረሙልኝ።

ወደ ቪዛ ቢሮው የሄድኩ ዕለት ለደንበኞቻችን «ጥርሴን አሞኝ ታኮማ ሐኪም ዘንድ ነበርኩ» አልኳቸው። በማግስቱ አንዲት ደግ ሴት ቅርንፉድ ይዘውልኝ መጡ። «ንከሺው፣ እዚሁ ፊቴ ንከሺው» ብለው ቆሙብኝ። ጤነኛ ጥርሴን በቅርንፉድ ሳደነዝዝ ዋልኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሱቁ ስልክ ጮኸ። እኔ ሥጋ እየመዘንኩ ነበር። ሐጂ አነሱ። በእንግሊዝኛቸው ትንሽ አወሩ፤ እያወሩ ወደ እኔ ይጠቅሳሉ። ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ስለ አንቺ የሚጠይቅ ሰው ነው። ልኩን ነግሬ ሸኘሁት።»

«ማን ነው?»

«እንጃ። ሴትዮ ናት፣ ፈረንጅ። ከቆንስላ ነኝ አለች።»

የሩዙ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን አሏት ሐጂ?»

«እንዳልሽኝ ነዋ! ለጉዞ ፈቃድ ሰጥተዋታል ወይ አለችኝ። እዚህ ናት፣ ሥጋ እየመዘነች ነው፣ የትም አልሄደችም አልኳት። ዋሸሁ?»

«አልዋሹም።»

«ወደ ጀርመን ልትሄድ ነው ወይ አለችኝ። የነገን ማን ያውቃል አልኳት። ተመልሳ ትመጣለች ወይ ስትለኝ፣ እሱንማ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው ብዬ ዘጋሁባት።»

ቃል በቃል እውነት ነው። አንድም ውሸት የለበትም። የእህቴን ሠርግ ያፈረሰው ይህ እውነት ነው ብዬ ልጮህ ስል የገዛ ትምህርቴ መሆኑ ትዝ አለኝና ለቅሶ መጣብኝ። ሐጂ ደነገጡ። ምን እንዳደረጉ ሳስረዳቸው ሽርጣቸውን አውልቀው ጣሉ።

«ደውይላት! አሁኑኑ ደውይላት!»

በመጣው ቁጥር ኮል አደረግኩና ስፒከር ላይ አደረግኩት። ሴትዮዋ አነሳች። ድምፅዋ ጨዋ ነው፣ ግን ቀዝቃዛ።

«ቅድም አላውቅም ብለውኝ ነበር» አለች።

«ቅድም ምስጢር ነበር። አሁን የምስጢሩ ባለቤት ፈቅዳልኛለች» አሉ ሐጂ። «ፈቃድ ሰጥቻታለሁ። ትሄዳለች። ዋሷ እኔ ነኝ። ቤቴንም ካስፈለገ አስይዛለሁ።»

ሴትዮዋ ዋስ የሚባል ነገር እንደማይቀበሉ፣ ቤትም እንደማይዙ አስረዳች። ሐጂ ቅር አላቸው። ሰው ቤቱን ሲሰጥ እንቢ የሚባልበት አገር አይተው አያውቁም።

«እርስዎ ምኗ ነዎት? አሠሪዋ ብቻ?» ስትል ጠየቀች።

«አባቷ ነኝ።»

ዐይኔን ጨፈንኩ።

«ማመልከቻዋ ላይ አባቷ በሕይወት የሉም ይላል።»

«እሳቸውም አባቷ ናቸው፤ አላህ ይማራቸው። እኔ የሲያትሉ ነኝ።»

ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ።

«ተመልሳ ባትመጣስ?»

«ሄጄ አመጣታለኋ! ያኔ ለኔም ቪዛ ትሰጪኛለሽ።»

ሴትዮዋ ሳቀች። ምንም ቃል ሳትገባ «ኦኬ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋች። ሐጂ ላባቸውን ጠረጉና «ጨዋ ልጅ ናት» አሉ። እኔ ግን በዚህች አገር ስኖር አባቷ ነኝ ብሎ ለመንግሥት የተናገረልኝ ሰው ስላልነበረ፣ ቪዛውን ረስቼ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ፓስፖርቴ በፖስታ ሲመጣ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ስከፍተው ቪዛው ተለጥፏል። በዚያው ቅጽበት የዋጥኩትን እልልታ ሁሉ ለቀቅኩት፤ ደንበኛው ሁሉ ሰማ። ሐጂም እጃቸውን ታጥበው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ቪዛውን እንደ ውል ከላይ እስከ ታች መረመሩት። ቀስ እያሉ ፊታቸው ጠቆረ።

«ሦስት ወር መቆየት ይቻላል ነው እንዴ የሚለው?»

«አዎ፤ ግን እኔ ሁለት ሳምንት ነው የምቆየው።»

«ለአንድ ኒካህ ሦስት ወር ምን ያደርጋል? ያቺ ሴትዮ ምን ነካት?»

«እነሱ እንዲሁ ነው የሚሰጡት ሐጂ።»

ፓስፖርቱን ዘግተው መለሱልኝ። ከዚያ ደንበኞቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትመለሻለሽ አይደል?» አሉኝ።

ቆንስላው ይህንኑ ሲጠይቅ አኩርፌ ነበር። የሐጂ አጠያየቅ ግን ሌላ ነው፤ ፈርተዋል።

«እመለሳለሁ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ቢላቸውን ይስሉ ጀመር።