ሞተር ሲነሳ ይርበዋል

ታላቅ ወንድሜ አያ ካረፈ አርባ ቀን ሆነው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ዓይናለም መንደር ባለው የአትክልት ቦታችን ላይ የውሃ ፓምፑም ወፍጮውም የሚሠሩት በሶላር ነው። አያ የፀሐዩን ኃይል ለሞተሮቹ የሚቀይረው ኢንቨርተር አጠገብ እጁን ዘርግቶ ይቆምና፣ «ሞተር ሲነሳ ይርበዋል፤ አንዱ ሳይጠግብ ሌላውን አታስነሱ» ይል ነበር። እጁን የሚያወርደው የፓምፑ ድምፅ ሲረጋ ነው። ልጆቹም «አባታችን ሞተር ያጎርሳል» እያሉ ይስቁበት ነበር።

በተቀበረ በሳምንቱ ልጆቹ ፓምፑንና ወፍጮውን አንድ ላይ አስነሱ። ኢንቨርተሩ የሁለቱን ረሃብ አልችል ብሎ ተቃጠለ፣ ቃሪያው በውሃ ጥም ደረቀ። «ፀሐዩ ደክሞ ነው» አሉኝ። ፀሐዩ ምን በደለ?

አሁን ሌላ ኢንቨርተር ገዝተው፣ «ሓወቦ፣ አጎታችን፣ በአባታችን ቦታ ይቁሙልን» ይሉኛል። አልቆምም። ሲስቁበት እኔም አጎታቸው አብሬ ስቄያለሁ፤ እዚያ ቆሜ የምዘረጋው እጅ የለኝም።