ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ልጅ

መምህራችን «ድርሰትሽ ተመርጧል፤ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ ታነቢዋለሽ» ሲሉኝ ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ። በዚህ ቀኝ እጄ መጻፌ ራሱ ገና ይገርመኛል፤ አምና ከዛፍ ወድቄ አንጓው ወልቆ ነበርና።

እናቴ እንፍራንዝ ከተማ ወዳሉ ወጌሻ ወሰደችኝ። ሽማግሌው ፈሪውን ሰው ከደፋሩ ፊት ለፊት የማስቀመጥ ልማድ ነበራቸው። እኔን ያስቀመጡኝ ትከሻው ከወለቀ፣ አራዳ ገበያ ጨርቅ ከሚሸጥ ወጣት ፊት ነው።

«ዓይንሽን ከፊቱ እንዳትነቅዪ» አሉኝ።

«ምነው አያ፣ ሴት ልጅ እያየችኝ እንዴት ልጩህ?» አለ እሱ።

«ለዚሁ እኮ ነው ያስቀመጥኋት።»

ቅቤ ቀብተው ሳቡት። ፊቱ ተጨማደደ፤ ከዚያ ግንባሩ ቀስ እያለ ተፈታና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። የእኔም ሕመም ማንም ሳይነካኝ አብሮ ረገበ። ተራዬ ደርሶ ሲስቡኝ እንኳ የማየው የእሱን ፊት ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ ያን ልጅ ከሱቁ በር ላይ ለውትድርና ወሰዱት። ወሬውም የለም።

ዛሬም ብርድ ሲሆን እጄን ይጠዘጥዘኛል። ያኔ የተፈታው ፊቱ ይመጣልኛል፤ ሕመሙም ይለቀኛል። አንዳንድ ቀን ግን ፊቱ እንደተጨማደደ ይመጣል፤ ግንባሩ እስኪፈታ ብጠብቅም አይፈታም። እሱን ሲያመው የማንን ፊት ያይ ይሆን እያልኩ እጄን አቅፌ እቀመጣለሁ።

መምህራችን «የምትፈልጊውን ሰው ጥሪ» ብለውኛል። እኔም ይህን የምታነቡትን እናንተን ጠርቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ኑ። ያን ልጅ የምታውቁት ካላችሁ ደግሞ ከኋላ አትቀመጡ፤ ፊት ለፊቴ ሁኑልኝ።